የተገነዘች እጅ

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰሊጥ ድምፅ ሰማሁ። ሰሊጥ ደግሞ ምን ድምፅ አለው የሚል ሰው ቆላ ወርዶ አያውቅም ማለት ነው። ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ሂላ ሆኖ ሲቆም፣ ፀሐዩ ሲበረታበት ፍሬውን የያዘው ሽፋን እየተሰነጠቀ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። መተማ ቆላ፣ ኮኪት ስናድግ ሰሊጡ ለማራገፍ መድረሱን በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነበር የምናውቀው። ክሊኒኩ ውስጥ የሰማሁት ግን ከማሽን የሚወጣ ድምፅ ነው። ማሽኑ የተደገነው ደግሞ በወንድሜ በመልካሙ ራስ ላይ ነበር።

መልካሙ የፀጉር ቤት ወንበር በመሰለ ነገር ላይ ደገፍ ብሎ ተቀምጧል። ሁለት ክብ እንደ መነጽር የተገጠመ ጥቁር ነገር በራሱ ግራ ጎን ተጠግቶለታል። ዶክተሯ ከሴት ልጄ ብትበልጥ ትንሽ ነው። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልወድም፤ ልጄ፣ የተቆረጠው ቀኝ እጁ ነው፣ አንቺ በግራ በኩል ምን ትፈልጊያለሽ አልኳት። አልሳቀችብኝም። የቀኝ እጅ ቦታው በግራ አንጎል ነው እማማ፣ እጁ ከተቆረጠ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም ያ ቦታ አሁንም አለ፣ ከእጁ ይመጣለት የነበረው ወሬ ስለተቋረጠበት እሱ ራሱ ይጮኻል አለችኝ። ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ድብርቱን ያባብሳል፣ ድብርቱ ተመልሶ ሕመሙን ያባብሳል። ማሽኑ በማግኔት ያንን ቦታ እየነካካ ጩኸቱን ዝቅ እንዲያደርግ ያባብለዋል። ለሁሉም ሰው አይሠራም፤ የሠራለትም ቶሎ አይደለም፣ ተመላልሶ ነው። እንዲህ አድርጋ አስረዳችኝ። እማማ ማለቷን ብቻ ለሌላ ቀን አሳደርኩላት።

ከዚያ እሱን፣ የሌለችው እጅ አሁን እንዴት ናት ብላ ጠየቀችው።

«ተጨብጣለች» አላት። «ጥፍሮቿ መዳፌን ይበሱኛል።»

ይህን መልስ ሲሰጥ ስሰማው ያን ቀን የመጀመሪያዬ አልነበረም። መጀመሪያ የሰማሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።

አባቴ ከደጋ ወርደው ኮኪት ላይ መሬት የያዙ ሰው ነበሩ። ሰሊጥና ማሽላ እናርስ ነበር፤ ባለ ትራክተር አልነበርንም፣ ተከራይተን ነው። መልካሙ ግን ትራክተር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ለባለ ትራክተሩ በነጻ እየሠራ መንዳቱን ለምዶ፣ በሃያ ዓመቱ የአገሩ ሰው ሁሉ እሱ ይንዳልን የሚለው ሾፌር ሆነ። በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ የማሽላ አገዳ ይዞ እየመጠጠ፣ እያፏጨ ሲመጣ ከሩቅ ይታወቃል። ሳቂታ ነበር። እኔን ጥሩወርቅ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ጥሩ፣ ከመጥፎ የተሻልሽ» ይለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ማሽላ እየተወቃ ነው። እኔ ከዳሱ ሥር ለሠራተኞች የባምያ ወጥ እሠራለሁ። መውቂያው ማሽን ከትራክተሩ በተዘረጋ ቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶ፣ ነበር የሚዞረው፤ የመልካሙ እጅጌ ተያዘ። ከዚህ በላይ አላወራውም፤ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል።

ሰው ሲጣደፍ የሚረሳው ነገር አለ። የቆሰለውን አፋፍሰን ፒክአፕ ላይ ጫንን፣ አባቴ አብረው ወጡ፣ በዚያ በአቧራ መንገድ ወደ ጎንደር ከነፉ። እዚያው አውድማ ላይ የቀረችውን እጅ ማን እንዳነሳት የጠየቀ አልነበረም። ኋላ እንደሰማነው ያነሳት አያልነህ የሚባል የጎጃም ልጅ፣ ለወቅቱ ሥራ የወረደ ወዛደር ነው። ማሽላው አለቀ፣ ሠራተኛውም ተበተነ፣ አያልነህም አገሩ ገባ።

መልካሙ በመጋቢት ተመለሰ። ቁስሉ ድኗል፤ ሐኪሞቹ አሳምረው ሰፍተውታል። ቤቱ በእልልታ ተቀበለው። በሦስተኛው ቀን ግን፣ ቁርስ ቀርቦ፣ ፊቱ ዳመነና «እጄን አመመኝ» አለ። የትኛዋን ብለን ሳቅን። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያንገበግበኛል፣ ግን ማን ያውቃል፤ የሌለ ነገር ያማል ብሎ ያስተማረን ሰው አልነበረም።

የትኛዋ እንደሆነች ቀስ በቀስ ገባን። ያች የሌለችው። ተጨብጣለች ይላል፤ ጭብጥ ብላ አልከፈት ብላኛለች፣ ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ገብቷል፣ እሳት ላይ እንደያዝኳት ታቃጥለኛለች። እናቴ ጠበል አስጠመቀችው። ድንበር ማዶ ከገላባት የመጣ ቅባት ነው ብለው መተማ ዮሐንስ ያሉ አንድ ሐጂ ሰጡን፤ በተቆረጠው ጫፍ ላይ ቀባነው። ምንም። ሚያዝያ ገባ፤ በእኛ አገር ሚያዝያ ውሻ እንኳ ምላሱን መልሶ አያስገባም። ሰው ሁሉ አንገረቡን፣ የጠፍር አልጋውን፣ ደጅ አውጥቶ ሲተኛ መልካሙ ግን ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ያነጋል። ማፏጨቱን ተወ። ምግብ ይቀርብለታል፣ ያመሰግናል፣ ዝንብ ይበላዋል። ስሜንም ጥሩወርቅ ብሎ በሙሉ መጥራት ጀመረ፤ ያኔ ነው እውነቱን ለመናገር ልቤ የፈራው።

አንድ ቀን እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ድንገት ቢላዋዋን አስቀመጠች። ለመሆኑ ያችን እጅ ማን ቀበራት አለች። ሁላችንም ተያየን። የቀድሞ ሰው የሚለው አለ፦ ከሰውነት የተቆረጠ ነገር ከተጣመመ ወይ ከታጠፈ፣ እንደተጣመመ ከተቀበረ፣ ባለቤቱን ሲያሳምመው ይኖራል፤ ወጥቶ ተቃንቶ መቀበር አለበት። አባቴ እንዲህ ያለውን ነገር አይወዱም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አልተከራከሩም። መልካሙ ግን ቀና አለ። ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ተቀመጠ። «ልክ ነው» አለ፤ «ተጨብጣ ነው የቀበሯት። ይሰማኛል እኮ።»

ከዚያ በኋላ መብላት ጀመረ። ደስ ሊለን ሲገባ እኔን ምን እንዳስፈራኝ ልንገራችሁ፤ የሚበላው ለመስከረም ነበር። እጇን የቀበረው ያ የጎጃም ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ ቦታውን ያሳየናል፣ እናወጣታለን፣ እናቃናታለን፣ እድናለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቀን አያስበውም። ባይሆንስ ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም፤ እኔም አልደፈርኩም። ክረምቱ ገባ፣ ጥቁሩ መረሬ አፈር አበጠ፣ ትራክተሮች ተንጫጩ፣ እሱ አንገረቡ ላይ ተቀምጦ ወደ ሸሕዲ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ያያል።

ነሐሴ ሲገባደድ ሸሕዲ ሰው ይፈላበታል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከበጌምድር፤ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ የያዘ ወዛደር ከአውቶቡስና ከአይሱዙ ላይ ይራገፋል፤ ባለ ሰሊጡም እየዞረ ይመርጣል። አባቴ ወገባቸውን አሟቸው ስለነበር ከመልካሙ ጋር የሄድኩት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ፉል በዳቦ እየበላን በሰው መካከል ዞርን። ሲመሻሽ መልካሙ በግራ እጁ ትከሻዬን ጨመቀኝ። ቀጭን፣ ረጅም ልጅ፣ ጋቢውን በራሱ ላይ ጠምጥሞ ከአጥር ሥር ተቀምጧል።

አያልነህ መልካሙን ሲያየው ተነሥቶ ጎንበስ አለና አቀፈው። እግዜር ይመስገን፣ ተርፈሃል አለው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስለ እጇ ስንጠይቀው ፊቱ በራ። መልካም የሠራበት ነገር ስለሆነ ሊነግረን ቸኩሎ ነበር።

«በክብር ነው የቀበርኳት» አለ። «መዳፏን ዘርግታ አውድማው ላይ ወድቃ ሳያት የምትለምን መሰለኝ። የሰው አካል ለማኝ መስሎ እንዴት ይቀበራል? ጣቶቿን አጠፍኳቸው። ከጋቢዬ ጫፍ ክር መዝዤ፣ ሬሳ እንደሚገነዝ ገነዝኳት፤ አንድ በአንድ አጥብቄ አሰርኳቸው። በማዳበሪያ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ከምስጡ ኩይሳ ሥር ቀበርኳት።»

 ስለ ጭብጧ ለዚህ ልጅ ማንም የነገረው የለም። እኛም ለማንም አልነገርንም። መልካሙ አልተናደደም፤ ይልቅ ከት ብሎ ሳቀ፣ ያን የድሮ ሳቁን። «ተጨብጣለች አላልኳችሁም?» አለ። አያልነህ ግን ነገሩ ሲገባው ደሙ ከፊቱ ሸሸ። የዚያን ልጅ ፊት እስካሁን አልረሳሁትም፤ ጸልዮ የሠራው ሥራ ሰው ሲያሰቃይ መክረሙን በዚያች ቅጽበት ነው የሰማ።

በማግስቱ በትራክተር ተሳቢ ኮኪት ገባን። ሰሊጡ ከወገብ በላይ ሆኗል፣ ታችኛው ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል። ኩይሳውን አያልነህ ከሩቅ አወቀው፣ ግን ቆም አለ። ያኔ እስከ ጉልበቴ ነበር አለ። አሁን ከሰው ቁመት አልፏል። ክረምቱን ሙሉ ምስጡ ሲገነባ ከርሞ፣ እጇ የተቀበረችበትን ቦታ ውጦታል። አባቴ፣ አያልነህና ጎረቤቶች በዶማ አፈረሱት። ምስጡ እንደ ፈላ ወተት ገነፈለ። ቆፈሩ፣ ቆፈሩ። የወጣው አንድ ቁራጭ ማዳበሪያ ጨርቅ ብቻ ነው። አጥንት የለም፣ ክርም የለም። ምስጥ ይሁን ጅብ፣ ማን ያውቃል። አያልነህ አፈሩን በጣቶቹ ሲያበጥር ቆየ፤ ቀና ሊል ፈራ።

መልካሙ ጉድጓዱን ለረጅም ጊዜ አየውና «እንደተጨበጠች ሄደች» አለ።

ያሰብኩት ለቅሶና ቁጣ ነበር፤ የመጣው ግን ደግነት ነው። መልካሙ ተላጨ፣ ነጭ ጀላቢያውን አጥቦ ለበሰ፣ ከጎረቤት ሁሉ ጋር ሲጫወት ዋለ። ሰዓቱን ለአክስታችን ልጅ ሰጠ። ቦት ጫማውን ለአንድ ወዛደር ሰጠ። ራዲዮኑን አምጥቶ ከእኔ ጭን ላይ አስቀመጠና «ባትሪውን ስትጨርሺ አታልቅሺ» አለኝ። እናቴ ተሻለው ብላ እልል አለች፣ ለታቦቱም ተሳለች። የእናት ነገር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ሲሉ ትርጉሙ የገባኝ የዚያን ሳምንት ነው። ለማን ልንገር? ሰው ሲስቅ ፈራሁ ብዬ ለማን እነግራለሁ?

በዚያን ሰሞን አጨዳው ተጀመረ። አንድ ጠዋት የሠራተኞቹን ቁርስ ተሸክሜ ስወጣ የመልካሙ አንገረብ ባዶ ነው፤ ጋቢው ታጥፎ ትራሱ ላይ ተቀምጧል። ጋቢውን አጥፎ አያውቅም። ድስቱን እዚያው ጣልኩት። መጀመሪያ ያገኘሁት አያልነህን ነው፤ ከመስመሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። መልካሙ የለም አልኩት። አጫጅ ከሰልፉ ወጥቶ መስመሩን አይጥልም፤ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፣ ካሳለፉት መሬት ላይ ይፈሳል። አያልነህ ማጭዱን ወረወረና ሮጠ። ወዴት እንደሆነ ማንም አልነገረው፤ በመስከረም የጓንግ ወንዝ ሞልቶ ሲያጉረመርም እስከ ማሳችን ይሰማል። በእሱ ድምፅ ነው የሮጥነው።

ወንዙ ዳር፣ ደለሉ ላይ ተቀምጧል። ውኃው ቡናማ ነው፤ ሙሉ ግንድ ሲጥል ሲያነሣ ይዞት ያልፋል። መልካሙ ሳይዞር አወቀን።

«ሂዱ» አለ።

 አያልነህ ሄዶ በቀኙ በኩል፣ እጅ በሌለበት በኩል፣ አጠገቡ ቁጭ አለ። እያለከለከ ነው።

«አያ መልካሙ፣ አምጣት» አለው።

«ምኗን? ምስጥ ሆድ ውስጥ አይደለች።»

«ምስጥ ሆድ ውስጥ ያለች አንተን አታምህም። እዚህ ናት፣ ይኸው ታምሃለች። የገነዝኳት እኔ ነኝ፤ እኔው ልፍታት።»

ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ የሰው እጅ እንደሚቀበል ሰው፣ ባዶውን አየር ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ከአውራ ጣት ጀምሮ ክር መፍታት ጀመረ። የለም ክሩ፤ ግን በጣቶቹ ይፈልጋል፣ ይጎትታል፣ በሌባ ጣቱ ላይ ይጠቀልላል። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። ማላገጥ አልነበረበትም። መልካሙ ሊስቅ ከንፈሩን አላቀቀ፤ ሳቁ አልወጣም፣ ለቅሶ ወጣ። እጁ ከተቆረጠ ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም ተቀምጬ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

አያልነህ ጨርሶ፣ ተፈታች አለው።

«አልተፈታችም።»

«እንግዲያስ ነገ ደግሞ እንሞክራታለን።»

መልካሙ ውኃውን ትንሽ አየው። ከዚያ ተነሣ። ቤት ስንደርስ እናቴ ስለ ወደቀው ድስት ጮኸችብኝ፤ እንደዚያ ቀን ስድብ ጥሞኝ አያውቅም።

አልተፈታችም። በማግስቱም፣ በወሩም አልተፈታችም። አያልነህ ግን አጨዳው ሲያልቅ ወደ ጎጃም አልተመለሰም። በየቀኑ ከሥራ መልስ ከመልካሙ አጠገብ ይቀመጥና ከአውራ ጣት ጀምሮ ይፈታል። አንዳንድ ቀን ሕመሙ ጋብ ይላል፣ አንዳንድ ቀን ይብሳል። በሥራው ማብቂያ ላይ ግን ሁልጊዜ ያው ቃል ነው፤ ነገ ደግሞ እንሞክራታለን። ወንድሜ በዚያች ቃል ነው የኖረ፤ ከነገ ወደ ነገ እየተሻገረ። አያልነህ የቆየው ለእኔ ብሎ ነው የሚሉ ነበሩ። አልዋሽም፣ ያም ነበረበት። በሦስተኛው ዓመት አባቴን አስጠየቀ። ዛሬ የአራት ልጆቼ አባት ነው፣ ማንኮራፋቱም ጨምሯል፣ ክር መፍታቱን ግን አንድ ቀን አላጓደለም።

ሰው እንዲህ ተይዞ እንዴት እንደሚኖር የሚያውቅ ያውቀዋል። መልካሙ አላገባም። አንዳንድ ቀን ሌላ ሰው ያደረበት የሚመስል ፊት ይዞ ይውላል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ድብርቱ ይጭነዋል፣ ያኔ እኔና አያልነህ ተራ ገብተን ከእሱ ጋር እንውላለን፣ ለምን እንደሆነ ሳንባባል። በበሽታው ያፍር ነበር፣ እንደ እብድ ያዩታልና። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኛም ስንደብቅ ነው የከረምን። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ናት ስለዚህ ማሽን ሰምታ አምጡት ያለችን። አያልነህ አብሮን አልመጣም። ሰሊጡን ማን ይሰበስባል አለ። ሰሊጡ አይደለም፤ ማሽኑም ካልፈታት ምን እንደሚመጣ ማየት ስላልፈለገ ነው። እኔም ፈርቼ ነው የመጣሁ። ምክንያቱም መልካሙ ከቤት ስንወጣ ሰዓቱን ለታናሹ ልጄ ሲሰጠው አይቻለሁ።

ስለዚህ በየቀኑ ያንን ጠቅ ጠቅ እየሰማሁ ፊቱን አያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አልነበረም። ዶክተሯ ትጠይቀዋለች፣ ተጨብጣለች ይላታል፣ እኔ መቁጠሪያዬን አጥብቄ እይዛለሁ። ትናንት ማሽኑ ቆሞ እሷ እንደ ልማዷ ስትጠይቀው ቶሎ አልመለሰም። ባዶ እጅጌውን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጥሩ» አለኝ። በዚህ ስም ከጠራኝ ስንት ዘመኑ።

«ትንሿ ጣት ለቀቀች።»

ዶክተሯ በደስታ አልዘለለችም። ጥሩ ምልክት ነው አለች፤ ግን ተመልሳ ልትታጠፍ ትችላለች፣ ሕክምናው አላለቀም፣ ተስፋችሁን በልክ አድርጉት አለችን። እሺ አልናት። በልክ የሚደረግ ተስፋ እንዴት ያለ እንደሆነ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ለአያልነህ ደወልኩ። ከጀርባው አጫጆች ሲንጫጩ ይሰማኛል። አንዷ ጣት ተፈታች አልኩት።

ከጫጫታው ራቅ አለ።

«የትኛዋ?» አለኝ።

«ትንሿ።»

ሲተነፍስ ሰማሁት። «ክሩን የቋጠርኩት እሷ ላይ ነበር» አለ። «መጨረሻ ላይ። ተይኝ እስቲ አንቺ... ይህን ሁሉ ዘመን ከአውራ ጣት ነበር እኮ የምጀምረው። ቋጠሮው ሳይፈታ ክሩን ስጎትት ነው የኖርኩ።»

እያለቀሰ ነው፤ እንባውን ሳውቅ ሁለተኛዬ ነው፣ የመጀመሪያው ሸሕዲ ላይ መልካሙን ሲያቅፈው ነበር። ዶክተሯ፣ የመልካሙ እጅ በአንጎሉ ውስጥ ናት ትላለች፤ አምናታለሁ፣ ተምራለች፣ ለካ ያኔ የቆፈርነው ያለ ቦታው ነው። አያልነህ ደግሞ ክሩ ነው ይላል፤ እሱንም አላምንህም ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ሁለቱም የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ ነገ ደግሞ እንሞክራታለን።

ዛሬ ጠዋት መልካሙ ሻዩን ጠጥቶ ዳቦውን ጨረሰ፤ ሰዓቱን ግን እስካሁን መልስልኝ አላለም። ነገ በሦስት ሰዓት ቀጠሮ አለን። አያልነህ ቅድም ደውሎ ለዶክተሯ መልእክት ልኳል፤ ከትንሿ ቀጥላ ያለችው የቀለበት ጣቱ ናት፣ እሷን አጥብቄያት ነበር፣ ቀስ ትበል ብሏል።